ያልተቆረጠው ደርሖር

እናቴ ነዕማ በሕይወቷ አጥር ያጠረችው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ለቤታችን አይደለም፤ ቤታችን አጥር የለውም። ያጠረችው በሸለቆው አፋፍ ላይ ለቀረችው አንዲት ሸዘብ ነው። ድንጋዩን በጀርባዋ አመላልሳ፣ ፍየል እንዳይደርስባት እስከ ደረቷ ድረስ ካበችላት። ሸዘብ ከሰው ቁመት የማታልፍ ቁጥቋጦ ናት፤ ቅጠሏ አመድማ፣ ፍሬዋ ቀይና ኮምጣጣ። ልጆች ሳለን ከፍየሎቹ ጋር እየተሻማን እንበላት ነበር። ያኔ ሸለቆው ሙሉ ሸዘብ ነበር። ሌሎቹ እየደረቁና እየወደቁ አልቀው፣ አሁን የቀረችው አንድ ናት፤ እሷም ካፈራች አሥራ አንድ ዓመት አልፏታል።

ያለፈው አውሎ ነፋስ ደግሞ ግማሽ ሥሯን ነቅሎ አጋደማት። እናቴ ግንዷን በድንጋይ ደግፋ፣ በቴምር ገመድ አስራ አቆመቻት። እኔ የምሠራው ሐዲቦ ከተማ፣ የደሴታችን እፅዋት የሚፈሉበት ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ነው። ሙያዬ ነው ብዬ ከቅርንጫፏ እየቆረጥኩ ሦስት ጊዜ ተከልኩ። ሦስቱም ጊዜ በሰበሰ።

"አንቺን የቀጠሩሽ ለማበስበስ ነው?" አለችኝ እናቴ።

ዘር ሳትሰጥ ከወደቀች፣ ሸዘብ የሚባል ነገር ከምድር ላይ ማለቁ ነው። እናቴ ይህን ስለምታውቅ ከየሶላቷ በኋላ እጇን ዘርግታ ፍሬ ትለምንላት ነበር። ለእኔ ባል ከምትለምነው በላይ ለሸዘቧ ትለምን ነበር። ቅር አላለኝም ብል ውሸት ነው።

ዶክተር ባዋዚር የመጣው ቴምር በሚዳቀልበት ሰሞን ነው። ከባሕር ማዶ፣ ከሙከላ ከተማ የተላከ የእፅዋት ተመራማሪ ነው፤ ቀጭን ሰው፣ ጫማው ለእኛ ድንጋይ የማይሆን። ሸዘብን ሲያይ ተንበረከከ። አጉሊ መነጽሩን አወጣ፣ መጽሐፉን ገለጠ፣ ከደነ፣ ሌላ ገለጠ።

"ይቺ በየትኛውም መጽሐፍ የለችም" አለ በመጨረሻ። "ስም የላትም።"

እናቴ ገና ከቴምር ዛፍ ላይ ወርዳ መምጣቷ ነበር። የወንዴው ቴምር የአበባ ብናኝ ሻሿን አንጥቶታል። "ስም የላትም?" አለች። "ከአያቴ ጀምሮ ሸዘብ ስንላት የኖርነው ታዲያ ማንን ነው፣ ልጄ?"

"በሳይንስ ማለቴ ነው፣ እማማ።"

"አርፍዶ የመጣው ሳይንስህ ነው። እሷ ምን አደረገች? እሺ፣ ቀጥል።"

ዶክተሩ ሳቀና ወደ መነጽሩ ተመለሰ። አንዷን አበባ ብዙ ጊዜ ወስዶ አየ። "ይህ አበባ ብናኝ የለውም። ሴቴ ናት" አለ። "ከወንዴው ብናኝ ካላገኘች መቶ ዓመት ብትቆምም አታፈራም። ወንዴው ቅጠሉ ልክ እንደዚህ ነው የሚሆነው፤ አበባው ግን ብናኝ የሞላው፣ ፍሬም የማይዝ። እንዲህ ያለ አይታችሁ አታውቁም?"

እናቴ ቀስ ብላ ከካበችው ድንጋይ ሥር ተቀመጠች።

"ደርሖር" አለች።

ደርሖር ለእኛ ሌላ ተክል ነበር። ቢጫ ዱቄት እያራገፈ ልብስ የሚያበላሽ፣ አንድም ፍሬ የማይሰጥ፣ ከማገዶና ከፍየል መኖ በቀር ለምንም የማይረባ። ሁለት ስም ስላወጣንላቸው ባልና ሚስት ናቸው ብሎ የጠረጠረ አልነበረም። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ግድም፣ በድርቁ ዓመት፣ የሸለቆው ሰው ተሰብስቦ፣ ሸዘብ አይነካ፣ ደርሖር ለፍየል ይቆረጥ ብሎ ወሰነ። ሁላችንም በውሳኔያችን ኮርተን ነበር። የሚያፈራውን አትርፈን የማያፈራውን ጨረስነው። መጥረቢያ ይዛ ከፊት የወጣችውም እናቴ ናት።

"በየዓመቱ ከወንዴው ቴምር ቆርጬ ሴቴዋ ላይ አስራለሁ" አለች ሻሿን እያራገፈች። "አሁን እንኳ ከዛፍ ላይ መውረዴ ነው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ይህን እየሠራሁ፣ እዚህች ላይ ስደርስ አእምሮዬን የት ጥዬው ነው?"

"አንድም አልቀረም?" አለ ዶክተሩ።

እናቴ መሬት መሬት ታያለች። የቀረውን ታውቃለች፤ እኔም አውቃለሁ። "ሙሰለም ደጅ አለ" አልኩ።

ሙሰለም የእናቴ የአጎት ልጅ ነው፤ ዲክሰም አምባ ላይ ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ። በድርቁ ዓመት ደጁ ላይ ያለውን ደርሖር አልቆርጥም ብሎ ስድስት ፍየል ሞተበት። ከዚያ ወዲህ እናቴ በሠርግም በለቅሶም ባገኘችው ቁጥር፣ "ዘንድሮስ ደርሖርህ ስንት አፈራ?" ሳትለው አታልፍም። ሰው ይስቃል። እሱ አይስቅም፣ አይመልስምም።

በማግስቱ ጠዋት እኔና እናቴ ወደ አምባው ወጣን። ግማሽ ቀን ስንሄድ እናቴ ቃል አልተነፈሰችም። እውነቱን ለመናገር፣ የእሷን አፍ የሚዘጋ ነገር በመገኘቱ ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር።

ደርሖሩ ከሙሰለም ቤት ደጃፍ ቆሟል፤ ቢጫ ሆኖ አብቦ፣ ንቦች ወርረውት። ሙሰለም ምንጣፍ አነጠፈልን፣ ወተትና ቴምር አቀረበ።

"ዳገቱን ቻልሽው እንዴ፣ ነዕማ?"

"ጉዳይ ሲኖር ይቻላል።"

"ቆይ፣ ዛሬ አልጠየቅሽኝም። ስንት አፈራ አትይኝም?"

እናቴ አንገቷን ደፋች። "ላሾፍብህ አልመጣሁም። ልለምንህ ነው የመጣሁት" አለችና ሁሉን ነገረችው፤ ሸዘብ ሴቴ ደርሖር ወንዴ መሆናቸውን፣ የእሷ ሸዘብ ተጋድማ እየሞተች መሆኗን፣ የቀረው ወንዴ የእሱ ብቻ መሆኑን።

ሙሰለም ወደ ደርሖሩ ዞሮ አየ። "አትቁረጥ ያለችኝ መስዑዳ ናት" አለ።

መስዑዳ ሟች ሚስቱ ናት። ሠላሳ ዓመት አብረው ሲኖሩ ልጅ አልወለዱም።

"መጥረቢያዬን ይዤ ወጣሁ። የወተት አቁማዳዋን የምትሰቅለው እዚህ ቅርንጫፍ ላይ ነበር። 'ለምን ትቆርጠዋለህ?' አለችኝ። 'አያፈራማ' አልኳት። 'ያላፈራ ሁሉ የሚቆረጥ ከሆነ ከእኔ ጀምር' አለችኝ። መጥረቢያውን መለስኩት። እሷ በዚያው ዓመት ሞተች።"

እናቴ የያዘችውን የወተት ኩባያ አስቀመጠች። "እኔ ደግሞ ሰው ፊት ስንት አፈራ እልሃለሁ።"

"ትያለሽ።"

"አንድ ቀን እንኳ ምነው አፍሽን ዝጊ አላልከኝ?"

"ምን ብዬ? የእሷን ነገር አውጥቼ ለሰው መሳቂያ ላድርገው?"

እናቴ አባቴ ሲሞት እንኳ ሰው ፊት አላለቀሰችም። ያን ቀን አለቀሰች። ተነሥታ እንደ ዘመድ ሰላምታችን አፍንጫዋን ከአፍንጫው አነካካች፤ ከሰላምታ ግን በጣም ረዘመ። "ይቅር በለኝ። አላህ ላንተም ለእሷም ይክፈላችሁ" አለች። "እናንተ ባትኖሩ ዛሬ ምን ይዤ ልመለስ ነበር?"

ሙሰለም አበባ የያዙትን ቅርንጫፎች ራሱ ቆረጠ። ያ ቁጥቋጦ ስለት ሲነካው የመጀመሪያው ነበር። በርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ በእቅፉ ይዞ አብሮን ወረደ። እኔ ልያዝልህ ብልም እምቢ አለኝ።

ዶክተሩ ትንሽ ብሩሽ አዘጋጅቶ ጠበቀን። እናቴ ብሩሹን አየችና፣ "አንተ ጻፍ፣ ልጄ። ይህን እኛ እናውቅበታለን" አለችው። እንደ ቴምሩ አድርጋ ወንዴውን በሴቴዋ አበቦች ላይ አራገፈች፣ የተረፈውን ከቅርንጫፎቿ መሀል አሰረች። በአራተኛው ወር ሸዘቧ በፍሬ ቀላች። አንዷን ፍሬ ለሦስት ተካፍለን በላናት፤ እናቴ፣ ሙሰለምና እኔ። ኮምጣጣነቷ ያው ነበር። ሌላውን ሁሉ ለዘር አስቀረን።

በመከር የመጣው ነፋስ ሸዘቧን ከነድጋፏ ጣላት። እናቴን ለማጽናናት ከሐዲቦ እየሮጥኩ መጣሁ። ደህና ነበረች። "ወልዳ ነው የሄደችው" አለችኝ፣ "ምን ያስለቅሰኛል?"

ዶክተሩ ለተክሉ ስም ሊያወጣ ሲዘጋጅ እናቴን አማከራት። በእነሱ ሥርዓት የጠበቀውን ሰው ስም መስጠት ይቻላል፤ የእርስዎን ልሰጠው ነው አላት።

"እኔ ግማሹን በመጥረቢያ የጨረስኩ ሴት ነኝ" አለችው። "ስሙ የሚገባት ሌላ ናት።"

ችግኞቹ ጣቢያችን ውስጥ በቀሉ። ስንቱ ሸዘብ፣ ስንቱ ደርሖር እንደሆነ እስኪያብቡ ድረስ አይታወቅም። ታውቆም ቢሆን ማንንም እንዳትቆርጡ ብላ እናቴ የሸለቆውን ሰው አስምላለች። አንድ ቀን ሙሰለም መጣ። ማንበብ አይችልም፤ በየችግኙ ሥር የተሰካችውን ሰሌዳ እያየ፣ "ምን ይላል?" አለኝ።

"የፊተኛው የላቲን ቃል ነው" አልኩት። "ቀጥሎ ያለው መስዑዳ ነው።"

"ሁሉም ላይ?"

"ሁሉም ላይ።"

ከመደብ መደብ እየሄደ እያንዳንዷን ሰሌዳ በጣቱ ነካ። አላቻኮልኩትም።

"ስንት ናቸው?"

"አርባ ሦስት።"

"የሚያጠጣቸው ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

"ዛሬ እኔ ላጠጣቸው" አለና ማጠጫውን ከእጄ ወሰደ።