መቀሴን መልሺ

ልጄ መቀሴን የወሰደችብኝ ሰኞ ጠዋት ነው። አርባ ዓመት ልብስ ሰፍቼ ያደርኩበትን መቀስ በፎጣ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። "እማዬ፣ ኪኒኑን መውሰድሽን እየረሳሽ ሁለቴ ትውጫለሽ፤ ለዚህ ነው የምትደሚው" አለች። እኔን ነው እንግዲህ፣ የሰፈሩን ሰው ሁሉ የወገብ ልክ በቃሌ የያዝኩትን።

ነገሩ እንዲህ ነው። እግሬ ላይ ደም ረግቶ ደም የሚያቀጥን ኪኒን ታዘዘልኝ። ከዚያ ወዲህ መርፌ ጫር ካደረገኝ ደሙ አልቆም አለ፤ አንድ ቀን እንዲያውም የደንበኛ ነጭ ቀሚስ ላይ ነሰረኝ። ልጄ ጃጅታለች ብላ ደመደመች። ስፌት ቤቴን ዘግታ፣ ሶፋ ገዝታ፣ ሳሎኗ ውስጥ ልትጎልተኝ ነው። ተናደድኩ። ማታ ማታ ግን እውነቷን ቢሆንስ እያልኩ ፈራሁ።

"በይ ኪኒኑንም ውሰጂው" አልኳት። "ራስሽ አጉርሺኝ፣ ምላሴንም አንስቼ አሳይሻለሁ።"

ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት እሷ ስታጎርሰኝ፣ እኔ እንደ ሕፃን አፌን ስከፍት ከረምን። በአሥራ አምስተኛው ቀን እዚያው ፊቷ ነሰረኝ። ደስ አለኝ ብል ማን ያምነኛል? እኔ አፍንጫዬን በፎጣ ይዤ እየሳቅኩ፣ እሷ ክንዴን ይዛ እየጎተተችኝ ሐኪም ቤት ደረስን።

"በገዛ እጄ ነው የሰጠኋት" አለችው ዶክተሩን፣ አንገቷን ደፍታ።

ዶክተሩ ኪኒኑን አስቆመኝና ጉንጬን ከውስጥ በጥጥ ጠርጎ ለምርመራ ላከ። በሳምንቱ ውጤቱን ይዞ ጠራን።

"እናቴ፣ እርስዎ ምንም አላጠፉም። ሰውነትዎ ይሄን መድኃኒት ቶሎ አያስወግደውም፤ ከወላጆችዎ የወረሱት ነገር ነው። ለሌላው ሰው የሚስማማው መጠን ለእርስዎ ይበዛል። ሲሶው ይበቃዎታል፤ ደምዎንም እየመረመርን እንከታተላለን።"

"ልጄ፣ እኔ ሳልለካህ ሱሪ ብሰፋልህ ትለብሰዋለህ?" አልኩት። ሳቀና ልክ ነዎት አለኝ።

ስፌት ቤቱን ራሷ ልጄ ከፈተችው። መቀሱን ከነፎጣው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ አለቀሰች።

"ይቅር በይኝ እማዬ። ሶፋውንም እመልሰዋለሁ።"

"ተይው፣ እሁድ እሁድ እየመጣሁ እቀመጥበታለሁ።" ሜትሬን አንገቴ ላይ ጣል አድርጌ መቀሴን አነሳሁ። "አሁን ሽፋን እሰፋለታለሁ። ቁመቱ ስንት ነው?"

"እኔ እንጃ፤ በግምት ነው የገዛሁት።"

"ሂጂ ለክተሽ ነይ" አልኳት።