የነሐሴው ፈተና

ዶክተሯ ስክሪኑን ወደ ያርሞ አዞረችለት። ሁለት ውጤቶች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንዱ የዛሬው ነው፤ ሌላው በአንዲት የፊንላንድ የወደብ ከተማ ክለብ የበረዶ ሆኪ ተከላካይ ሳለ፣ በሃያ ስድስት ዓመቱ የተፈተነው።

"እኩል ናቸው" አለች። "የማስታወስ ችሎታህ አልወረደም። ጥሩ ዜና ነው።"

ሚስቱ ሄሊ አፏን በእጇ ሸፍና አለቀሰች፤ ወዲያው ደግሞ ሳቀች። "እፎይ! ዝንጉ ነህ እንጂ በሽተኛ አይደለህማ፣ አንተ!"

በበረዶው ወራት በቤታቸው የእንፋሎት መታጠቢያ፣ በሳውናው ውስጥ ልብስ መሰጣቱን ረስቶ ምድጃውን አብርቶት ነበር፤ ቤቱ የተረፈው ለጥቂት ነው። ከዚያ ወዲህ ሄሊ ደብቆ እንደሚጠጣ ጠርጥራ ቁም ሳጥኑን ስትበረብር ከረመች። እሱ ግን አይጠጣም። ዛሬ የመጣውም ሕመም መሆኑን አንድ ሐኪም እንዲነግራት ነበር። አሁን ዝም ቢል ደስ ብሏት ወደ ቤት ትገባለች። ምድጃውን ግን አንድ ቀን ደግሞ ያበራዋል።

ያኔ ተጫዋቾቹ በየነሐሴው፣ ውድድሩ ሳይጀመር ይህንኑ ፈተና ይፈተኑ ነበር። በኋላ ጭንቅላቱን የተመታ ተጫዋች ያንኑ ውጤት እስኪያመጣ አይሰለፍም። አምበሉ ሬይማ መልበሻ ክፍሉ በር ላይ ቆሞ፣ "ጎበዝ፣ ዛሬ የደደቦች ቀን ነው! ያርሞ፣ አንተ አትልፋ፣ እንዳለህ ግባ!" ሲል ክፍሉ በሳቅ ይናጋ ነበር።

"የድሮውን አውቄ ነው ያበላሸሁት" አለ ያርሞ። "ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምናደርገው። ብንመታም ከጨዋታ እንዳንወጣ።"

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ምን ያህል ዝቅ አደረግከው?"

አሰበ። የሬይማን ድምፅና የእርጥብ ጓንቱን ሽታ በትዝታው አገኘ። የተጠየቀውን ግን አላገኘውም።

"አላስታውስም።"

"እንግዲያው ማወዳደሪያ የለኝም። የዛሬውን መነሻ አድርገን ከዓመት በኋላ እንድገመው። ከወረደ ያኔ እናውቃለን።"

"እስኪብስበት ነው የምንጠብቀው?" አለች ሄሊ።

ዶክተሯ ቀጠሮውን መመዝገብ ጀመረች። ሄሊ ወደ ባሏ ዞረች።

"ዛሬስ? ዛሬም አውቀህ ነው?"

"ዛሬ ያለኝን ሁሉ ነው የሞከርኩት፣ ሄሊ።"

ሄሊ ተነሳች። ካፖርቱን ከመስቀያው አወረደችና እጅጌውን ከፍታ ያዘችለት።