የእድሩ ሦስተኛ ወገን

ያልሰማ ጆሮ ከጎረቤት ያጣላል ይባላል። የሰማውንስ እንደሚመቸው የሚያደርግ ጆሮ? እሱ ደግሞ ሰውን ያለ ቀባሪ ያስቀራል። ይኸው ለንደን፣ ሼፈርድስ ቡሽ ውስጥ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ አዳራሽ ሙሉ ሰው እያየ ሆነ።

ጠቡ የመጣው በእድሩ ድረ ገጽ ነው። ባለፈው ወር አንዲት እናት ሲያርፉ የቀብሩ ቦታና ሰዓት እዚያ ተለጥፎ ነበር፤ ግን ማን ይክፈተው? ሰው አውቶቡስ ላይ ስልኩን እንደያዘ ነጭ ገጽ አፍጥጦበት ቀረ። ግማሹ ሲደርስ አፈሩ ተመልሶ አበባው ተቀምጦ ነበር። ልጆቻቸው «ለመሆኑ እድር ነበረን ወይ?» ብለው አለቀሱ። ስብሰባ ተጠራና ብፅዓት ነገሩን እንድታስረዳ ከፊት ጠረጴዛ ተቀመጠች።

ብፅዓት ባተርሲ አንድ ኩባንያ ውስጥ ድረ ገጽ የምትሠራ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ናት። የእድሩንም የሠራችው እሷው ናት። እናቷ ወይዘሮ ውባንቺ ከፊተኛው ወንበር ተቀምጠው፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ ግራና ቀኙን «አያችኋት?» በሚል ዐይን ይቃኛሉ።

ከኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ ጋሼ ዘውዴ አሉ። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው። ሚስት የላቸው፣ ልጅ የላቸው፣ ዘመድ የላቸው፤ ለንደን ላይ ያላቸው ይህ እድር ብቻ ነው። ሲመርቁ እንኳ ሌላ አያውቁም፣ «ቀባሪ አያሳጣሽ» ነው ምርቃታቸው። ብፅዓት የይለፍ ቃሉን ሰጥታቸው ነበርና ደስ ያላቸውን ነገር ከየትም እየገለበጡ ገጹ ላይ ይለጥፋሉ፤ ካርታ፣ የጎብኚ መቁጠሪያ፣ የአየር ጠባይ ማሳያ። የአየር ጠባዩን ያስገቡት ቀባሪ ጃንጥላ ይያዝ አይያዝ ቀድሞ እንዲያውቅ ብለው ነው።

ያን ዕለት ጠዋት ብፅዓት ዊልስደን ቤቷ ሆና ነገሩን ፈትሻዋለች። ገጹ ለመከፈት አሥራ አንድ ሰከንድ ይፈጃል። ከሌላ ሰው ኮምፒውተር እየተጠራ የሚመጣውን የጋሼ ዘውዴን ኮድ ሁሉ ብሎክ አደረገችው። ዘጠኝ ሰከንድ። ደገመችው፣ ያው ዘጠኝ። የሳቸው ጥፋት ሁለት ሰከንድ ብቻ ነው። ዘጠኙ የራሷ ነው፤ በገዛ እጇ የጻፈችው ስክሪፕት፣ ገጹን የሚያዝዘው ኮድ፣ ገጹን ከማሳየቱ በፊት የስድስት መቶ አሥራ ሁለቱን አባላት ስም አንድ በአንድ እያነበበ ይደረድራል። እንዲህ ያለውን ጀማሪ እንኳ አይሳሳተውም። አፈረች። እነግራቸዋለሁ ብላም ከቤት ወጣች።

«እንግዲህ ምንድን ነው ያዘገየው?» አሉ ሊቀ መንበሩ አቶ ዓባይ።

ብፅዓት የእናቷን ፊት አየች። «አንዱ የራሳችን ኮድ ነው፣ እሱን ቼክ አደርገዋለሁ» አለች ቶሎ ብላ። «ሌላው የሦስተኛ ወገን ስክሪፕት ነው። ከውጭ ነው የሚገባው።»

በሷ ሙያ ይህ ቃል ክፋት የለበትም። የገጹ ባለቤትም አንባቢውም ያልሆነ የሌላ ሰው ኮድ ማለት ነው። አዳራሹ ግን ሌላ ሰማ። አቶ ዓባይ ከአገር የወጡት በደርግ ጊዜ ነው፤ አማርኛቸውም እዚያው ቀርቷል።

«የማን ወገን?» አሉ።

«የሌላ። የውጭ አካል ማለቴ ነው።»

«ማን አስገባው?»

«ጋሼ ዘውዴ ናቸው፤ ግን እኮ...»

«እኛን ያየናል?»

«ማን እንደገባ ይቆጥራል። ከየት እንደገባም።»

አንድም አልዋሸችም። የሚያቃጥለው እሱ ነው፤ ብትዋሽ እንኳ አንዱ ተነሥቶ ያርማት ነበር።

«ሰርጎ ገብ» አሉ አቶ ዓባይ። እሳቸውና ዘውዴ ለንደን የገቡት በአንድ ዓመት ነው። አንድ ክፍል ተጋርተው ኖረዋል፣ አርባ ዓመት ሙሉም አንተ ተባብለዋል። አሁን ወደ በሩ ዞሩና «አቶ ዘውዴ፣ እርስዎ ለማን ነው የሚሠሩት?» አሏቸው። ያን ቀን ከዚያች «እርስዎ» የከፋ ስድብ አልተሰማም።

ጋሼ ዘውዴ ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ። «ዓባይ፣ የአየር ጠባይ እኮ ነው። ለጃንጥላ ብዬ ነው።» ሰው ሳቀባቸው። ወደ ብፅዓት ዞሩ። «ልጄ፣ አንቺ ታውቂዋለሽ። እስቲ ንገሪያቸው።»

አንዲት ዐረፍተ ነገር ትበቃ ነበር፤ ዘጠኙ ሰከንድ የኔ ነው ማለት። ነገር ግን እናቷ ከጎናቸው ላለችው ሴት «የኔ ልጅ ባትኖር ማን ይደርስበት ነበር» ሲሉ ሰማች። ብፅዓት ላፕቶፗ ላይ አቀረቀረች። «ያው፣ ሁለት ሰከንድ ያዘገያል» አለች። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እንዲህ ያለችው ናት።

እጅ ወጣ፣ ከእድሩ ይሰረዙ ተባለ። ጋሼ ዘውዴ አልተከራከሩም። «ታዲያ እኔን ማን ይቀብረኛል?» ብለው ብቻ ጠየቁ፣ የአውቶቡስ ቁጥር እንደሚጠይቅ ሰው። አንዱ ተነሥቶ በሩን ከፈተላቸው።

ሰኞ በምሳ ሰዓት ብፅዓት ቢሮዋ ሆና የታዘዘችውን ፈጸመች። ካርታውን፣ መቁጠሪያውን፣ የአየር ጠባዩን አወጣች። የራሷን ስክሪፕት ለቅዳሜ አሳደረችው። በመጨረሻ ከአባላቱ ዝርዝር ውስጥ ዘውዴ የሚለውን ስም ፈልጋ አጠፋችው። ገጹን ስትከፍተው ያው ዘጠኝ ሰከንድ ገደማ ፈጀ።

ስልኳ ጮኸ። ጋሼ ዘውዴ ናቸው።

«እንዴት ዋልሽ ልጄ? ያ ነገር ወጣ?»

«ወጣ፣ ጋሼ።»

«ገጹስ? ፈጠነ?»

ብፅዓት ስክሪኑን አየች። ስክሪፕቷ አሁን የሚያነበው ስድስት መቶ አሥራ አንድ ስም ነው።

«ፈጥኗል» አለች። ውሸትም አልነበረም፤ በሁለት ሰከንድና በአንድ ስም ያህል ፈጥኖ ነበር።

«ተመስገን» አሉ። «እንኳን ወጣ። በኔ ሰበብ ሰው ከቀብር አይቅር። ስላስቸገርኩሽ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ቀባሪ አያሳጣሽ፣ ልጄ።»