ከሁሉ በላይ የተቀመጠው ሱቅ

«አርባ ጆንያ ከየት አባቴ ላምጣ! ሌባ ነኝ እኔ?»

በሩን ስከፍት እትዬ ማንተገብሽ ስልካቸውን እንደ ክስ ወረቀት አንስተው ቆመዋል። ከቂርያት ዔቅሮን ረሆቮት ድረስ በአውቶቡስ መጥተው፣ ሦስት ፎቅ በእግራቸው ወጥተው፣ ያንኳኩት የእኔን በር ነው።

«እትዬ፣ የተዘራ ቤት ያኛው ነው» አልኋቸው።

«አውቃለሁ። አንቺን የፈለግሁሽ ለምስክርነት ነው።»

መልእክቱን ከዕብራይስጥ ያነበበላቸው የልጅ ልጃቸው ነው፦ «እስከ ነገ ረቡዕ አርባ ጆንያ ጤፍ ወደ ነስ ጺዮና መጋዘን ይላኩ።» ሱቃቸው ውስጥ ያለው ሁለት ጆንያ ነው፤ አንዱም ተከፍቶ ተጋምሷል። ስለዚህ ነገሩ የገባቸው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፦ ከተዘራ መጋዘን አርባ ጆንያ ጠፍቷል፣ የተጠረጠሩትም እሳቸው ናቸው።

ተዘራ ጎረቤቴ ነው፤ ግድግዳ ከተጋራን ሃያ ሁለት ዓመታችን። እዚህ እስራኤል ላሉ የሐበሻ ሱቆች ጤፍ፣ በርበሬና ሽሮ ያከፋፍላል። ዕቃው ከወደብ ተነስቶ ነስ ጺዮና ካለው ትልቁ መጋዘን ይገባል፤ ከዚያ እዚህ ረሆቮት ወዳለችው ትንሿ መጋዘን፣ ከትንሿ ደግሞ ወደየሱቁ። ይህን ሁሉ ስንት ዘመን በጭንቅላቱና በሲጋራ ፓኮ ጀርባ ላይ ነበር የሚይዘው። ፓኮው ሲጣል ሒሳቡም አብሮ ይጣላል። ወታደር የሆነችው ልጁ ኖያ ይህን ማየት ሰለቻትና የመጋዘን ፕሮግራም አስገባችለት። ባለፈው ዓርብ ሠርታ ጨርሳ፣ እሑድ ጧት ወደ ጦር ሰፈሯ ተመለሰች። ስሕተቷ መመለሷ ነው።

ተዘራ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ከፈተልን።

«እትዬ! እንኳን ደኅና መጡ፣ ይግቡ እንጂ!»

«አልገባም። መጀመሪያ ስሜን መልስልኝ።»

እንዲህ እያሉ ገብተው ተቀመጡ። እኔ መልእክቱን ለተዘራ አሳየሁትና ኮምፒውተሩን ተጠግቼ ተመለከትሁ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍልና ትንሽ ዕብራይስጥ ነው፤ ሥዕል ማየት ግን አያቅተኝም። እያንዳንዱ መጋዘንና ሱቅ አንድ ሣጥን ሆኖ ተሥሏል። ከሚመግበው ወደሚመገበው ቀስት ይወርዳል። የታችኛው ሣጥን ሲጎድል ከላይኛው ይጠይቃል፤ በቃ ይኸው ነው። ከሁሉ በላይ፣ ከነስ ጺዮናም በላይ፣ ብቻዋን የተቀመጠች አንዲት ሣጥን አየሁ፦ «ማንተገብሽ፣ ቂርያት ዔቅሮን»።

«ተዘራ፣ እትዬ ወደብ ገዝተዋል እንዴ?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ነስ ጺዮናን የሚመግቡት እሳቸው ናቸው ይላል እኮ።»

መነጽሩን አወረደ፤ አየ፤ መልሶ ሰቀለው።

«ኖያ ከታች ነበር ያደረገቻቸው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከረሆቮቷ መጋዘን ሥር። የረሆቮቷን የያዘው ማን ነው? ሮኒ! የሃያ አራት ዓመት ልጅ! አዝለው ያሳደጉት እሳቸው፤ ዛሬ እንዴት አድርጌ ከሥሩ አስቀምጣቸዋለሁ? ከሱ በላይ ወሰድኋቸው። ከዚያ ሳየው ደግሞ ነስ ጺዮናን የያዝሁት እኔ ከእሳቸው በላይ ነኝ። የእናቴ ታላቅ እህት እኮ ናቸው፣ ሙሉዬ!»

«ስለዚህ ሰቀልሃቸው።»

«አከበርኋቸው!»

ቀስቷም አብራ ወጣች። ነስ ጺዮና ለስግድ በዓል ጤፍ ሲጎድልበት፣ ፕሮግራሙ ምን ያድርግ፣ ከበላዩ ያለውን ጠየቀ።

እትዬ ማንተገብሽ ይህን ሁሉ ሲሰሙ ቆይተው፣ «እና ከሁላችሁም በላይ ነው ያስቀመጥኸኝ?» አሉ።

«አዎ፣ እትዬ።»

«ታዲያ ለምን ይጠይቀኛል?»

«እዚህ ላይ የሚያበላው ከላይ ያለው ነው፣ እትዬ» አልኋቸው።

«እንዲያ ከሆነ ዕድሜዬን ሙሉ ከላይ ነበርሁ።» ትንሽ አሰቡና ፊታቸው ተለወጠ። «ቆይ፣ እኔ ያዘዝሁት ስድስት ጆንያስ?»

ተዘራ ማውሱን ወዲህ አለ፣ ወዲያ አለ። ስድስቱ ጆንያ የትም የለም። ከሁሉ በላይ ላለ ሰው የሚልክለት የለማ!

«ስማ» አሉ እትዬ። «ስግድ ከነገ ወዲያ ነው። አሥራ ስምንት ሴቶች ዱቄት አዝዘውኛል። ዛሬ ካልደረሰልኝ ከሎዱ ነጋዴ እወስዳለሁ፤ በየሳምንቱ ይደውልልኛል። አንዴ ከወሰድሁ ደግሞ ወዳንተ አልመለስም።»

ተዘራን ላብ አጠመቀው። የመጀመሪያ ደንበኛው እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ከሄዱ የቂርያት ዔቅሮን ሱቆች ሁሉ ተከትለው ይሄዳሉ። ለሮኒ ደወለ።

«ሮኒ፣ ለእትዬ ስድስት ጆንያ ጫን!»

«ታብሌቱ ላይ የለም፣ ዶድ።» አጎቱ ነው፣ በዕብራይስጥ ነው የሚጠራው።

«እኔ ነኝ የምልህ!»

«ያልተጻፈ ዕቃ ካወጣህ አባርርሃለሁ ያልኸኝም አንተ ነህ። መኪናው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይነሳል፤ ከበዓሉ በፊት ሌላ የለም። ቤሰደር? እሺ?» ዘጋው።

«ይህ ልጅ ታዞ አያውቅም ነበር» አለ ተዘራ። «ዛሬ ነው የታዘዘው!»

ቀጥሎ ኖያ። በስንት ጥሪ አነሳች።

«አባ! ማ አሲታ?» ምን አደረግህ ማለቷ ነው።

«አከበርሁ!»

«አባ፣ ይኼ መጋዘን ነው፣ ሚሽፓሓ አይደለም!»

«መጋዘኑ የማን ሆነና? የቤተሰብ አይደለም?»

ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። ከዚያ፣ ለምልምል ወታደር እንደሚነገር ቃል በቃል፣ ሣጥኗን ያዙ፣ ወደ ታች ጎትቱ፣ ከረሆቮት ሥር ልቀቁ አለችን። ተዘራ እጁን ሰበሰበ።

«አንቺ አውርጂያቸው፣ ሙሉዬ። እኔ አልችልም።»

ማውሱን ያዝሁ። «ይቅርታ፣ እትዬ» አልሁ።

«ቀስ አድርገሽ» አሉ።

ከነስ ጺዮና በታች፣ ከሮኒም በታች አወረድኋቸው። ቀስቷ ተስተካከለች። እፎይ ልንል ስንል ቀይ ጽሑፍ ብቅ አለ፦ ለውጡ የአጽዳቂውን ፈቃድ ይጠብቃል።

«አጽዳቂው ማን ነው?» አለች ኖያ።

ተዘራ ጣራውን አየ። «ማን ያጽድቅ ብሎ ጠየቀኝ። ታዲያ እሳቸው እያሉ እኔ ላጽድቅ?»

«አባ፣ ዲ! በቃ! መልእክቱ ወደ ስልካቸው ሄዷል፣ አረንጓዴውን ይንኩት። ያላ፣ እየጠሩኝ ነው።» ሄደች።

የእትዬ ስልክ ነዘረ። አረንጓዴውን ምልክት አራቀው አዩት፣ አቅርበው አዩት።

«ይህን ከነካሁ ከሮኒ ሥር ነኝ?»

«ለጤፉ ብቻ ነው፣ እትዬ!»

«ሮኒስ ከማን ሥር ነው?»

«ከእኔ።»

«እስክነካው ድረስ ግን አለቃችሁ እኔ ነኝ።»

«ነዎት፣ እትዬ፣ ነዎት! ኧረ ይንኩት፣ መኪናው አሥር ደቂቃ ነው የቀረው!»

እትዬ ማንተገብሽ ስልኩን ጉልበታቸው ላይ ደፍተው አስቀመጡና ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ሠላሳ ምናምን ዓመት በየምስራዱ፣ በየመንግሥት ቢሮው ደጅ ስጠና፣ አለቆች የሚመልሱልኝ አንድ ነገር ነው» አሉ። «ከበዓል በኋላ ይምጡ።»