ከነጭ ሽንኩርት ማሳ የወጣች አበባ

ባርናባስ ዲላ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የቡና ችግኝ ሲያፈላ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ፣ ባለቤቱ ቆንጅት አሁንስ እጁን ታጥቦ ይቀመጣል ብላ ነበር። አልተቀመጠም። በሁለተኛው ወር ለዘመድ ልቅሶ ደጋው ላይ ወዳለችው ቡሌ ወጣና ከቀብር ሲመለስ ከቁልቁለቱ ድንጋይ ሥር አንዲት አበባ አየ። ብርቱካናማ ናት። አራቱ ቅጠሎቿ ከመሳሳታቸው የተነሣ ፀሐይ በውስጣቸው ታልፋለች። ሲደምን ትጨፈናለች፣ ፀሐይ ስትወጣ ትገለጣለች። ስሟን ቢጠይቅ የሚያውቅ ጠፋ። አረም ናት አሉት። እሱም የደረቀ ፍሬዋን በመሀረቡ ቋጥሮ ወደ ዲላ ወረደ።

በዲላ ሆቴልና ቢሮ ደጃፍ የሚተከለው አበባ ሁሉ ከሌላ ቦታ የመጣ መሆኑ ሲከነክነው ቆይቷል። አንዲት የጌዴኦ አበባ ለገበያ ብትበቃ ምናለበት የሚል ሐሳብ ያዘው፣ ከያዘውም አልለቀቀውም።

በመጀመሪያው ዓመት ከዘራው አንድም አልበቀለም። ዘሯ የቡሌን ብርድ ሳይቀምስ አይነቃ ይሆናል ብሎ ገመተና ቆንጅትን ለምኖ ፍሪጅ ውስጥ፣ ከቲማቲሙ ጎን፣ ለአንዲት ትንሽ ዕቃ ቦታ አስፈቀደ። ከስድስት ሳምንት በኋላ አውጥቶ ሲዘራው ችምችም ብሎ በቀለ። እንደ ቡናው ከመደቡ እየነቀለ ወደ ፕላስቲክ ከረጢት ሲያዛውራት ደግሞ ሥሯ ተነካና ሞተች። ስለዚህ ከደረቀ የእንሰት ቅጠል ትንንሽ ቋት እየጠቀለለ፣ ዘሩን እዚያው እየዘራ፣ ሲያድግ ከነቋቱ መሬት ቀበረው። ቅጠሉ በሰበሰ፣ ሥሩም ሳይነካ ወደ ታች ሄደ። አበባዋ ስትፈነዳ ቆንጅት ራሷ ጎረቤቶቿን ጠርታ አሳየች።

ግዛቸው የሚባል የሆቴል ባለቤት አርባ እግር አበባ ገዝቶ በበሩ ግራና ቀኝ አስተከለ። ነገር ግን የዲላ ሙቀት የአበባዋን አንገት አስረዝሞት እስከ ጉልበት ደርሳ ነበርና፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሲወርድባት አርባዎቹም ተጋደሙ። ግዛቸው ጨዋ ሰው ስለሆነ አልተቆጣም። እንግዶቹ አበባዎቹን ማን አሰከራቸው እያሉ እንደሚጠይቁት ብቻ ነገረው። ባርናባስ በማግስቱ አካፋውን ይዞ ሄዶ ለቅሞ አነሣቸው።

ቁመቷ ያጠረ ዘር ካልተገኘ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። ተመልሶ ቡሌ ወጣና ሁለት ቀን ሙሉ ከገደል ገደል በእግሩ ዞረ። ያገኛት ሁሉ አንገተ ረጅም ናት። በሁለተኛው ቀን ጫማው ጭቃ ተሸክሞ፣ ሆዱም ባዶ ሆኖ ወደ መኪናው መንገድ ሲወርድ በአንድ የነጭ ሽንኩርት ማሳ አጠገብ አለፈ። አንዲት አሮጊት ጎንበስ ብለው ያርማሉ። በመደቦቹ መሃል፣ ከሽንኩርቱ ቅጠል ሥር፣ አንድ ስንዝር የማትሞላ፣ ግንዷ የደነደነ ብርቱካናማ አበባ እዚህም እዚያም በቅላለች። ባርናባስ ሰላምታ መስጠቱን እንኳ ረስቶ ቆመ።

አሮጊቷ ወይዘሮ ሙሉካ ይባላሉ። ማሳቸው በሰፈሩ በንጽሕናው የታወቀ ነው።

«እማማ፣ ይቺን አበባ ከየት አመጧት?» አላቸው።

«እኔ አላመጣኋትም። ሠላሳ ዓመት ስነቅላት ኖሬያለሁ፣ እሷ ናት አልለቅ ያለችኝ። ከሽንኩርቱ በላይ ራሷን ብቅ ያደረገችውን እነቅላለሁ። አጎንብሳ የምትደበቀውን ግን ዓይኔ አያገኛትም።»

ባርናባስ የሰማውን በልቡ ደገመው። ረጅሟ ስትነቀል፣ አጭሯ ተደብቃ ዘሯን ስታራግፍ፣ ሠላሳ ዓመት። እሱ አውቆ ቢጀምረው ዕድሜው የማይበቃውን ሥራ እኚህ ሴት በንዴት ጨርሰውታል። ዘሯን እንዲሰጡት ለመናቸው። ወይዘሮ ሙሉካ አብራቸው ወደምታርመው ምራታቸው ወደ ሮሆቦት ዞረው፣ እሱ እዚያው ቆሞ እየሰማ፣ ይሄ ሰው ጤነኛ ነው ወይ ብለው ጠየቋት። ሮሆቦት ጫማውን አየችና ሳቀች።

እሺ አሉት፣ ግን በነጻ አይደለም። እስኪመሽ አብሯቸው አረመ። ፍሬዋ እስኪደርቅ አንድ መደብ ሳይነካ ይቆይ ሲላቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ። ሙሉካ አረጀች፣ ማሳዋን አረም ዋጠው ይባላል ብለው ነው። ባርናባስ ነገሩ ገባው። ከጎረቤት ቀርከሃ ለምኖ በመደቧ ዙሪያ አጥር ሠራላት። ከዚያ ወዲያ የሚያልፍ ሁሉ ሙሉካ ምን ብርቅ ነገር ተከለች እያለ ይጠይቅ ጀመር፣ እሳቸውም ፈገግ ይሉ ነበር።

ከዚያ ዘር ዲላ ላይ ሦስት መቶ እግር በቀለ። አብዛኛው አጭር ነው፣ አልፎ አልፎ ግን ረጅሙ ብቅ ይላል። ባርናባስ ወይዘሮ ሙሉካን ጋበዛቸውና ከሮሆቦት ጋር በሚኒባስ ወረዱ። ቆንጅት ወንበር ይዛ ስትመጣ እሳቸው መደቡ ውስጥ ገብተው ጎንበስ ብለዋል። አንዷን ረጅም ነቀሉ፣ ሁለተኛዋንም ነቀሉ። ባርናባስ ሊያስቆማቸው እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው። ዕድሜውን ሙሉ ችግኝ ከሞት ሲያተርፍ የኖረ ሰው ነውና አንዷንም መጣል አልሆነለትም ነበር። ለካ የጎደለው ይሄ ነው።

«አሳዘነችኝ ብለህ ዘር አታበላሽ» አሉት ቀና ሳይሉ።

ያን ቀን ሃያ ሁለት እግር ነቀሉ። ከዚያ በኋላ በየወቅቱ እየወረዱ የመምረጡ ሥራ የሳቸው ሆነ፣ ከሽያጩም እኩል ይካፈላሉ። በሦስተኛው ዓመት የሚነቀል እየጠፋ መጣ። ግዛቸው እንደገና አርባ አስተከለ። አንድ ሳምንት ሙሉ ዘነበ፣ አበባዎቹ ቅጠላቸውን ጨፍነው ቆሙ፣ ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ተገለጡ። ግዛቸው በስልክ ፎቶ አንሥቶ ላከለት፣ ከሥሩም ዛሬ ሁሉም ጨዋ ናቸው ብሎ ጻፈ። ከይርጋጨፌና ከሐዋሳም ጠያቂ መጣ።

ባለፈው ወቅት ከብርቱካናማዎቹ መሃል አንዲት ነጭ ወጣች። አሁን መንቀልን የለመደው ባርናባስ ዘሩ እንዳይደባለቅ ብሎ እጁን ሲልክ ወይዘሮ ሙሉካ ክንዱን ያዙት።

«ይቺን ተዋት።»

«ለምን፣ እማማ?»

«ታምራለቻ።»

ባርናባስ ቀጭን እንጨት ፈልጎ ለምልክት ከጎኗ ተከለ። ቆንጅት ምሳ ቀርቧል እያለች ከቤት ትጣራ ነበር። እሱ እጁን ሊታጠብ ሄደ፣ ወይዘሮ ሙሉካ ግን ነጠላቸውን ሰብስበው ከነጯ አጠገብ ትንሽ ቆዩ።