የዒጋል ተሳቢ ቤት የተናገረ ዕለት

ወላሂ ልበል ወይስ ማርያምን? ጅጅጋ ውስጥ ሁለቱም ይሠራሉ፤ ለዚህ ታሪክ ስል እኔ ሁለቱንም ደርቤ እምላለሁ። ከዚህ በፊት፣ ጅብ ባጃጅ ውስጥ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ መንገድ ሲያሳይ አየሁ ብዬ ያወራሁ ሰው መሆኔን አልክድም። ይሄኛው ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። የዒጋል ተሳቢ ቤት ተናግሯል። በአማርኛም በሶማሊኛም ተናግሯል። ምነው ዲዳ ሆኖ በቀረ።

ዒጋል የመንገድ ቀያሽ መሐንዲሶችን ሲያመላልስ ያረጀ ሾፌር ነው። መሐንዲሶቹ ሥራቸውን ጨርሰው ሲሄዱ፣ ከመኪና ኋላ እየተጎተተ የሚሄደውን፣ አልጋና ምድጃ ያለውን ቤታቸውን ለሱ ተዉለት። ሰፈሩ «ተሳቢ ቤት» ይለዋል። ለዓመታት ግቢው ውስጥ በድንጋይ ተደግፎ ቆመ፤ ከዶሮ በቀር የሚያድርበት አልነበረም። ባለፈው ዓመት ግን አንዲት ልጁ ናስትሆ አስተማሪ ሆና ሸደር ተመደበች። ሸደር ደግሞ እዚያ ባለው የስደተኞች ጣቢያ የሚሠራው ሰው ቤቱን ሁሉ ቀድሞ ተከራይቶት፣ ለአንዲት አስተማሪ የሚሆን ክፍል ጠፋ። ዒጋል ሲያወጣ ሲያወርድ ከረመና፣ ቤት ከጠፋማ ቤቱን ራሱን ጎትቼ አደርስላታለሁ አለ።

የተሳቢ ቤቱን የመብራት ገመድ እንዲቀይር የተጠራው አሥራት ነበር። አሥራት በወታደርነት መጥቶ፣ ሲሰናበት እዚሁ ጅጅጋ የቀረ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። እጁ የተመሰከረለት ነው፤ አመሉ ግን ቀልድ ነው። የአንዱን ጸጉር አስተካካይ የበር ደወል ከመብራቱ ጋር አገናኝቶ፣ ሰውየው መብራት ባበራ ቁጥር «መጣሁ! መጣሁ!» እያለ በር ሲከፍት እንዲውል ያደረገው እሱ ነው።

የተሳቢ ቤቱ የድሮ ገመድ ጉድ ነበር። የመብራቱን ማብሪያ ስትጫኑ ማራገቢያው ይዞራል፤ ማራገቢያውን ስትነኩ የኋላው ፍሬቻ ይበራል። ውስጡ የምታድረው ዶሮ አንድ ክረምት ክንፏ እንደራሰ የተላጠ ሽቦ ላይ ተኝታ፣ ለሦስት ቀን የተቀቀለ እንቁላል ጥላለች። አሥራት የግድግዳውን ስስ ጣውላ በካቻቢቴ ሲፈታው፣ ሽቦ በጥርሱ እንደነከሰ የደረቀ አይጥ አገኘ። አይጡንም ሰላም ብሎ ሥራውን ጀመረ።

ዒጋል ናስትሆን ሊያመጣ ወዳደገችበት ወደ አይሻ ከመሄዱ በፊት ሁለት ነገር አዘዘ። አንደኛ፣ ከሁሉ በፊት ግድግዳው ላይ የተገጠመው የድሮ ቴፕ እንዲሠራ። አሥራት ሳቀ። ልጅቷ ስልክ አላት፣ በዚህ ዘመን ካሴት ማን ይሰማል አለው።  ሁለተኛውን ዒጋል በሩ ላይ ቆሞ፣ ጣቱን ቀስሮ ተናገረ።

«ወርያ አሥራት፣ ከግድግዳው የወጣ ነገር ሁሉ የኔ ነው። እንዳትጥል፣ እንዳትወስድ።»

ይቺ ቃል አሥራትን አቃጠለችው። ለምን መሰላችሁ? ገመድ የሚቀይር ሰው የድሮውን ሽቦ ለራሱ መውሰዱ የሙያው ደንብ ነው። ላጥ ላጥ አድርጎ መዳቡን ለቆራሌው ይሰጣል፤ ማንም ባለቤት ስለዚያ አያነሳም። ስለዚህ አሥራት የሰማው፣ ሌባ ነህ መባልን ነው። ሃያ ዓመት «አዴር»፣ አጎቴ እያለ የጠራው፣ አብሮት ሻይ የጠጣ ሰው በጭራሮ መዳብ ጠረጠረኝ ብሎ ቂም ያዘ።

አሁን አሥራት ያላወቀውን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ለዒጋል መዳቡ ጉዳዩም አልነበረም። ናስትሆ የአራት ወር ልጅ ሳለች፣ እሱ በረሃ ውስጥ ከመሐንዲሶቹ ጋር እዚያው ተሳቢ ቤት ሲኖር፣ ሚስቱ ሻሚስ ከአይሻ በጭነት መኪና ሾፌር እጅ ካሴት ላከችለት። ያኔ በዚህ አገር ደብዳቤ እንደዚያ ነበር፤ ቴፕ ፊት ቁጭ ብለህ ታወራለህ፣ ሾፌር ኪሱ ውስጥ ከትቶ ያደርስልሃል። ካሴቱ በደረሰ በሁለተኛው ወር ሻሚስ በወባ ሞተች። ከሷ የቀረ ድምፅ ያ ብቻ ነው። በ2010 ክረምት ከተማው ሲታመስ፣ ዒጋል ካሴቱን በፕላስቲክ ጠቅልሎ ከፊውዙ ሳጥን ኋላ ግድግዳው ውስጥ ሸሸገው። እሷ አይሻ አድጋ፣ ቴፑም ተበላሽቶ ስለቆየ፣ ናስትሆ የእናቷን ድምፅ ሰምታ አታውቅም። ለምን ለአሥራት በግልጽ አልነገረውም ትሉኝ ይሆናል። የሟች ሚስቱን ድምፅ ነገር ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሚያወራ ዓይነት ሰው አይደለማ።

አሥራት ሥራውን በወጉ ሠራ። የአዲሱን ገመድ ጫፍ ከድሮው ጫፍ ጋር በናስትሮ እያሰረ በአንዱ በኩል ይጎትታል፣ በሌላው በኩል ይገፋል፤ ቀዩ በቀይ፣ ጥቁሩ በጥቁር። በሁለተኛው ቀን ከፊውዙ ሳጥን ኋላ ያችን ጥቅል አገኛት። ቴፑን የሚሞክርበት ካሴት ፈልጎ ነበርና ከተተው። መጀመሪያ ጭርታ፣ ከዚያ የሴት ድምፅ መጣ። የአሥራት ሶማሊኛ ከገበያ አያልፍም፤ ስንት ነው፣ ቀንስ፣ ና፣ ሂድ። ሴትየዋ ስም ትጠራለች፣ ሌላ ስም ትጠራለች፣ ደግሞ ሌላ። ከሬዲዮ የተቀዳ የሰላምታ ፕሮግራም መሰለውና ጥቂት ሰምቶ አጠፋው። ቀልዱም የመጣለት ያኔ ነው።

ካሴቱን ሱቁ ወስዶ የድሮ መቅጃው ውስጥ ከተተው፤ መቅጃው እምቢ አለ። አወጣና አየው። ከላይ ያሉት ሁለት ትናንሽ ጆሮዎች ተሰብረዋል። የካሴት ዘመን ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ጆሮው የተሰበረው ማንም እላዩ ላይ እንዳይቀዳበት ነው። አሥራትም ያውቃል። ከፋብሪካ የሚመጣውም እንዲሁ ነው ብሎ ራሱን አሳመነና፣ ከኪሱ ናስትሮ አውጥቶ ቀዳዳዎቹን ደፈናቸው። ከዚያ መጀመሪያው ድረስ አጠንጥኖ፣ ድምፁን እንደ ሽማግሌ አጎርንኖ ቀዳ፦ «ዒጋል ሆይ! እኔ ተሳቢ ቤትህ ነኝ። አንጀቴን ዘርግፎ ላከመኝ ለአሥራት አንድ ጭብጥ መዳብ ትሰስታለህ?» አንድ ጊዜ በቂ ነበር። እሱ ግን በተሰባበረ ሶማሊኛ ደገመው፤ ከዚያ ቆይ ቆይ ብሎ በአማርኛ ሰለሰው፤ በመጨረሻ በገዛ ቀልዱ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ሳቁም ተቀዳ። አራት ደቂቃ ሞላ።

ቅዳሜ ቀትር ላይ አባትና ልጅ ደረሱ። አሥራት መብራቱን አብርቶ፣ ማራገቢያውን አዙሮ አሳያቸው። ዒጋል ግን ቀጥታ ወደ ፊውዙ ሳጥን ሄዶ እጁን ከኋላው ሰደደ። ባዶ ሆነበት። አሥራት ሳቁን እየዋጠ ካሴቱ ቴፑ ውስጥ መሆኑን ነገረው።

የዒጋል ፊት እንዴት እንደበራ ልነግራችሁ አልችልም። ዒጋል፣ አሥራት ነገሩ ገብቶት ውለታ የዋለለት መሰለው። እጁን ይዞ ሳመው። ኮፍያውን አወለቀ፣ ናስትሆን አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጣት፣ በሶማሊኛ ዝቅ ብሎ አናገራት። ከዚያ ሁሉ ንግግር አሥራት የሰማት አንዲት ቃል ናት፤ ሆዮ፤ እናት። ናስትሆ ሻርፗን አፏ ላይ ያዘች።

ያኔ አሥራት የካሴቱ ድምፅ የማን እንደሆነ ገባው። ዒጋል ጣቱን ወደ ቴፑ ሲሰድ፣ አሥራት ፊውዙን ነቀለው። ማራገቢያውም ቀስ እያለ ቆመ።

«ምን ሆነ?» አለ ዒጋል።

«ተቃጠለ፣ አዴር። ነገ ሌላ አመጣለሁ።»

ዕድሜውን ሙሉ ሲዋሽ ሰው ይስቅለት ነበር። አሁን አባትና ልጅ አምነውት አዩት። ደህናው ፊውዝ ጭብጡ ውስጥ ነው። ዒጋል ችግር የለም አለ፤ ሃያ ዓመት የጠበቀ ሰው አንድ ቀን አያቅተውም ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። አሥራት ከዚያ መዳፍ በታች መቆም አልቻለም።

«አዴር፣ አልተቃጠለም» አለና እጁን ከፈተ። «ካሴቱ መጀመሪያ ላይ ያለው የኔ ድምፅ ነው። ካሴቱ የማን እንደሆነ አላወቅኩም። መዳቡን ጠረጠርከኝ ብዬ ነው።»

ዒጋል አልገባውም። ፊውዙን ከመዳፉ ወስዶ ራሱ መለሰው፣ ቴፑን ከፈተው። ተሳቢ ቤቱም ተናገረ። ስለ መዳብ ተናገረ፣ ደገመ፣ ሰለሰ፣ ሳቀ። አራት ደቂቃ ያን ያህል እንደሚረዝም አሥራት አያውቅም ነበር። ቴፑን ላጥፋው ብሎ እጁን ቢዘረጋ ናስትሆ በዓይኗ ከለከለችው። ከዚያ ቀጭ አለ፤ ከአንድ ዓረፍተ ነገር መሐል የሴት ድምፅ ወጣ። ናስትሆ ተነሥታ መዳፏን ድምፁ በሚወጣበት ወንፊት ላይ ለጠፈች። እንደዚያ ቆማ እስከ መጨረሻው ሰማች። ሻሚስ ስለ ፍየል ታወራለች፣ ስለ አይሻ ዝናብ ታወራለች፣ መንገዳችሁ የሚያልቀው መቼ ነው ትላለች።

አሥራት ውጭ ወጥቶ፣ የጠፋው ምን እንደነበር ዒጋልን ጠየቀው። ዒጋል መሬት መሬቱን እያየ ነገረው። መጀመሪያው ሰላምታ ነበር። የዘመዱን ሁሉ ስም አንድ በአንድ ጠርታ፣ በመጨረሻ ሕፃኗን ቴፑ ጋ አስጠግታ፣ ናስትሆ፣ ናስትሆ፣ አባትሽን ሰላም በይው ትላታለች። ሕፃኗም ትጮኻለች።

አሥራት በልቡ ሰላምታውን ቆጠረው። ቀልዱን አንድ ጊዜ ብቻ ተናግሮ ቢተው፣ የዘመዶቹ ስም ብቻ ነበር የሚጠፋው። የልጅቷን ስም የሸፈነው ሳቁ ነው።

የድሮውን ሽቦ በማዳበሪያ ጠቅጥቆ ዒጋል እግር ሥር አኖረው። ዒጋል መልሶ ወደሱ ገፋው።

«ይሄማ ያንተ ነው። ደንቡን አውቃለሁ። እኔ ያልኩት ካሴቱን ነበር።»

እሑድ ጠዋት ተሳቢ ቤቱ ከፒክአፕ ኋላ ታስሮ ወደ ሸደር ተነሣ። አሥራት የኋላ መብራቱን ሊያይ ሄዶ ነበር፤ ሁሉም በየቦታው በራ። ናስትሆ ከፊት ወንበር አንገቷን አውጥታ፣ «አዴር፣ ሸደር ስትመጣ ግባና ሻይ ጠጣ» አለችው። መኪናው አቧራውን አስነሥቶ ሄደ።

እንግዲህ የማልኩትን ምያለሁ፣ እንቁላሉም ሳይቀር እውነት ነው። አንዲቱን ብቻ፣ የሻዩን ግብዣ፣ ከራሴ ጨመርኩ። ናስትሆ ምንም አላለችም። መስኮቱን ዘግታ ፊት ለፊት እያየች ነው የሄደችው። አሥራት ይህን ታሪክ ሳወራ ሁልጊዜ አጠገቤ ነው፤ ሌላውን ሁሉ እንዲህ አይደለም እያለ ያርመኛል፤ እዚያች ላይ ስደርስ ግን ዝም ይላል።