የውጭው ማሽን ቦታ

ማንአለብሽ የወጥ ቤቱን በረንዳ በር በትከሻዋ ገፍታ ወጣችና እጇን ቤቱን በሚያበርደው ማዝጋን የውጭ ማሽን ፊት ዘረጋች። ማራገቢያው ይዞራል፤ ያ እሳት ትንፋሹ ግን የለም። ስንት በጋ ፊቷን ሲጠብሳት የኖረ ጠላቷ ትንፋሹ ሲጠፋ ደስ ሊላት በተገባ ነበር። ደስ አላላትም። እዚህ እሳት ካልወጣ ውስጥ ብርድ የለም ማለት ነው። ውስጥ ደግሞ ባሏ አባይ ተኝተዋል።

የማንአለብሽ ቂም የዚህ ማሽን እኩያ ነው። ማዝጋኑ ሲገባ ልጇ ሊቶር ገና አፏን እየፈታች ነበር። የገጠመው ሰው የውጭውን ማሽን ሳሎኑ በረንዳ ላይ ሊሰቅል መሰላሉን አቁሞ ሳለ አባይ ከለከሉት። ያ በረንዳ ወንበራቸው ያለበት ነው፤ ከፋብሪካ ሲመለሱ ከጓደኞቻቸው ጋር ተቀምጠው ባሕሩን የሚያዩበት።

"ወደ ጓሮው፣ ወደ ወጥ ቤቱ በረንዳ ውሰደው፤ እዚያ የሚቀመጥ ሰው የለም" አሉ።

እውነት ነው፣ የሚቀመጥ አልነበረም። የምትቆም ሴት ግን ነበረች። ልብስ የምታሰጣው፣ ሽንኩርት የምትልጠው፣ ምስር የምትለቅመው እዚያ ነው። ክርያት አታ ከምትሠራበት የሽማግሌዎች ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ እንፋሎት ሲቀቅላት ውላ ትመለሳለች፤ ከሳሎን የወጣው ሙቀት ሁሉ በግድግዳው አልፎ እሷ ላይ ይደፋል። አንድ ቀን "እናንተን የሚያበርድ እኔን ይጠብሰኛል" ብትላቸው አባይ ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም። የባሰባት እሱ ነው።

"ኢማ! አባ ላብ በላብ ሆኗል፤ ኦክስጅኑም እየወረደ ነው" አለች ሊቶር ከሳሎን።

ሻራቩ፣ ያ የበረሃ ወበቅ፣ ሰፈራቸውን ኔቬ ዮሴፍን ከጠዋት ጀምሮ አፍኗታል። ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም። ሐኪሙ "በእንዲህ ያለ ቀን ከቀዝቃዛ ክፍል እንዳይወጡ፤ ሳንባቸው አይችለውም" ብሎ ነበር። ሊቶር እስከ ማታ ካልቀዘቀዘ ሆስፒታል እንወስደዋለን ትላለች። አባይ ደግሞ ባለፈው ከዚያ ሲወጡ፣ "ከእንግዲህ አልመለስም፤ የምሞት እንደሆንሁ ቤቴ ልሙት" ብለው ምለዋል።

ከታችኛው ፎቅ የጎረቤታቸው የኣብረኸት ልጅ ይሁዳ መጣ። ማዝጋን መጠገን ሥራው ነው። የውጭውን ማሽን ከፍቶ፣ መለኪያውን ሰክቶ አየና ራሱን ነቀነቀ።

"ጋዙ አልቋል።"

"እንደ አምናው ሙላው እንጂ።"

"ምን ልሙላ? ይሄኮ የድሮ ጋዝ ነው። የሰማዩን ከለላ ይበላል ተብሎ ከውጭ ማስገባት ቆሟል። ከተነቀለ አሮጌ ማዝጋን የሰበሰብኩት ትንሽ የብረት ባሎን ጋዝ አለኝ። ብሞላልሽም በቀዳዳው ይወጣል፤ አንቺ ደግሞ..."

"አንቺ የምትለኝ አብረን አፈር ፈጭተን ነው?"

"ስሊኻ፣ ይቅርታ እትዬ። በቀዳዳው ይወጣል ማለቴ ነው። የባሕሩ ጨው ቧንቧውን በልቶታል።"

"ቀዳዳውን ድፈነዋ።"

"አንዱን ስደፍን በሌላው ይወጣል። ይሄ ሽማግሌ ነው፣ እትዬ። ዘመኑን ጨርሷል፤ ይተዉት ይሙት።"

ከሳሎን የአባይ ሳል መጣ። ረጅም፣ ደረቅ ሳል ነበር። ይሁዳ ቁልፍ መፍቻውን ይዞ ደርቆ ቀረ።

"ማሽኑን ነው ያልኩት" አለ ቀስ ብሎ።

"ገብቶኛል" አለች ማንአለብሽ። "ሌላ መላ ምን አለህ?"

"መኪናዬ ላይ አዲስ አለ። ክርያት ሞጽኪን ልገጥመው ነበር፤ ሰዎቹ ቤት ለቀቁ። ከጀመርኩ ማታ ሳይሆን ይነፍሳል። ግን የድሮው ቧንቧ ለአዲሱ ጋዝ አይሆንም፤ ግድግዳው ውስጥ ይቀራል። አዲስ ቧንቧ እዘረጋለሁ። ስለዚህ የውጭውን የት ላድርገው?"

ማንአለብሽ ወደ ማሽኑ ዞረች። ይህን ጥያቄ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

"እንደ ድሮው!" አሉ አባይ ከውስጥ፣ በትንፋሽና በትንፋሽ መካከል። "ወደ ጓሮ!"

እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ወደ ሳሎን ገባች። አባይ ሶፋው ላይ በትራስ ተደግፈዋል፤ የኦክስጅኑ ቱቦ አፍንጫቸው ላይ ነው። ከመስተዋቱ በር ወዲያ ወንበራቸው ባዶውን ቆሟል። ከታመሙ ወዲህም ፀሐይ ስትጠልቅ ሊቶር ደግፋ ታስቀምጣቸዋለች። ሌላ የቀራቸው ደስታ የለም። ማንአለብሽ ይህን ታውቃለች።

"ኢማ፣ ዛሬ ተይው፣ ቤሰደር? እሺ? ሌላ ቀን ትጣላላችሁ" አለች ሊቶር በሹክሹክታ።

"ሌላ ቀን ግድግዳ አይበሳም።"

ወደ ባሏ ዞረች።

"ጓሮ በረንዳው ላይ ማን እንደሚቆም ያውቃሉ?"

"ማን ይቆማል? ማሽኑ ነዋ።"

ለማናደድ ያሉት አይደለም። እንደሚያውቁት ነው የመለሱት። ማንአለብሽ ትንሽ አየቻቸውና፣ "ይሁዳ!" ብላ ተጣራች። "ሳሎኑ በረንዳ ላይ ስቀለው።"

"ወንበሬስ?" አሉ አባይ።

ማንአለብሽ የመስተዋቱን በር ለይሁዳ ከፈተችለት።

ይሁዳ ከአሮጌው ማሽን የተረፈውን ጋዝ በትንሽ ፓምፕ ወደ ባሎኑ ሳበ። "ወደ ሰማይ አይለቀቅም፤ ሕግ ነው" አለ ማንም ሳይጠይቀው። ከዚያ ብሎኖቹን ፈትቶ ከሊቶር ጋር ሬሳ እንደሚያወጡ ሁሉ እያቃሰቱ በደረጃው አወረዱት። በቦታው የቀረው ግድግዳው ላይ ወደ ታች የፈሰሰ ዝገት፣ የእርግብ ላባና የስንት ዓመት አቧራ ነው። ማንአለብሽ ጠረገችው፤ ወለሉንም በውኃ አጠበችው።

ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ አዲሱ ማዝጋን ነፈሰ። የአባይ ደረት ዝግ ብሎ መውጣትና መውረድ ያዘ። ሊቶር ጣታቸው ላይ ያለውን የኦክስጅን መለኪያ አይታ ለእናቷ በዓይኗ ነገረቻት። ሁሉም ተነፈሱ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ነፋሱ ዞሮ ከባሕር በኩል ቀዝቅዞ ይመጣ ጀመር። አባይ እንደ ልማዳቸው ወደ መስተዋቱ በር አዩ። አዲሱ ማሽን ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ሙቀቱን ወንበራቸው ላይ ይተፋል። ፊታቸውን ወደ ሶፋው ጀርባ መለሱ።

ማንአለብሽ ወጥታ ወንበሩን አነሣችው። ከባድ የብረት ወንበር ነው። ሊቶር ልታግዛት ብትነሣ "ተቀመጪ" አለቻት። በባሏ ፊት፣ በሳሎኑ መካከል፣ የበሩን መቃን እያንኳኳች ተሸክማ አለፈችና አሮጌው ማሽን በነበረበት አኖረችው። ተመልሳ ትከሻዋን ለአባይ ሰጠች።

"ወዴት ነው?"

"ይነሡ ብቻ።"

ሊቶር የኦክስጅኑን ቱቦ እየሰበሰበች ከኋላ ተከተለች። አባይ ተቀመጡና የዝገቱን ዱካ፣ የልብስ ገመዱን፣ የሽንኩርቱን ቅርጫት አንድ በአንድ አዩ። ከሁለት ሕንጻዎች መካከል መዳፍ የምታህል ባሕር ትታያለች። እጃቸውን ወደ ግድግዳው ላኩ፤ ቀኑን ሙሉ የጠጣው ሙቀት ገና አልለቀቀውም።

"እዚህ ነበር የምትውይው?" አሉ።

ማንአለብሽ የልብስ ባልዲዋን አንሥታ ገለበጠችው።

"ፈቀቅ ይበሉ" አለቻቸውና አጠገባቸው ባልዲው ላይ ተቀመጠች።